አንድ እጅሽን ለልጅሽ ተዪላት

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አማካሪ፤

ዕድሜዬ 31 ነው። ባለትዳርና የአንዲት የ6 ዓመት ልጅ እናት ነኝ። ታናሽ እህቴ ከእኔ በጣም ርቃ ነው የምትኖረው። የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። «አንቺ አጠገቤ ካልሆንሽ አልችልም» ስላለችኝ ልጄን ይዤ እንደምመጣ ቃል ገባሁላት። የአውሮፕላኑ ዋጋ ከአቅማችን በላይ ስለሆነ የባቡር ትኬት ቆረጥን። ማታ 21:35 ተነስቶ ጠዋት አንድ ትልቅ ጣቢያ ያደርሰናል። እዚያ ወርደን በ38 ደቂቃ ውስጥ ሌላ ባቡር መያዝ አለብን።

በሕይወቴ ረጅም መንገድ በባቡር ሄጄ አላውቅም። የምንነሳበት ጣቢያም በጣም ትልቅ ነው። አንድ ቀን በአጠገቡ ሳልፍ እስቲ ልየው ብዬ ገብቼ ነበር። ሰዉ ይተራመሳል። ሰሌዳው ላይ የከተማ ስምና ቁጥር ይለዋወጣል። ድምፅ ማጉያው የሚለው አይገባም። አምስት ደቂቃ እንኳ ሳልቆይ ወጣሁ።

አንድ ነገር ልንገርዎት፤ ለባለቤቴም በደንብ ነግሬው አላውቅም። የ7 ዓመት ልጅ ሆኜ አውቶብስ መናኸሪያ ውስጥ ከእናቴ ተጠፋፍቼ ነበር። ትኬት ልትቆርጥ እጄን ለቀቀችኝ። ቀና ስል የለችም። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። የማስታውሰው የሰው ጉልበትና ሻንጣ ብቻ ነው። አሁን ልጄ ያኔ እኔ የነበርኩበት ዕድሜ ላይ ልትደርስ ነው። ሌሊት ሌሊት እጇን የለቀቅኳት እየመሰለኝ እባንናለሁ።

ባለቤቴ ጭንቀቴን አይቶ «ፈቃድ ወስጄ አደርሳችኋለሁ» ይላል። የቀረችው የዓመት ፈቃድ ግን ጥቂት ቀን ናት። ደግሞስ በ31 ዓመቴ ባቡር መሳፈር እንዴት ያቅተኛል ብዬ አፍራለሁ። አንዳንዴ ደግሞ እህቴን ይቅርታ ብያት ልቅር እላለሁ። ምን ይሻለኛል?

ግራ የገባኝ እናት ነኝ

መልስ

ውድ እህቴ፤

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው ስለ ባቡር የጻፍሽልኝ መስሎኝ ነበር። ስደግመው ግን ነገሩ የእጅ ጉዳይ እንደሆነ ገባኝ። ያኔ የተለቀቀው ያንቺ እጅ፣ አሁን ደግሞ እንዳትለቂው የምትፈሪው የልጅሽ እጅ። ባቡሩ ቢያመልጠኝ ምን እሆናለሁ ብለሽ አንድም ቦታ አልጠየቅሽኝም። ስለዚህ እኔም ከእጁ ልጀምር።

በ7 ዓመትሽ የደረሰብሽ ነገር ቀላል አይደለም። እናቷ ለጠፋችባት ልጅ አምስት ደቂቃም መጨረሻ የለውም። ያ ድንጋጤ እስከ ዛሬ አብሮሽ መኖሩ ሊያሳፍርሽ አይገባም። ፍርሃትሽም መሠረት የሌለው አይደለም። ሰው በሚበዛበት ጣቢያ ልጅ ከእናቷ ልትለያይ ትችላለች። «አይዞሽ፣ ምንም አይፈጠርም» ብዬ ባልፍ አንቺም አታምኚኝም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እናትሽ ያን ቀን እጅሽን ለምን የለቀቀች ይመስልሻል? ገንዘብ ማውጣት ነበረባት። ትኬቱን መቀበል ነበረባት። ምናልባት ጓዟንም ይዛ ነበር። ሥራው ሦስት እጅ ይፈልጋል፤ እሷ ያላት ሁለት ነው። ይህን የምልሽ ለማጽናናት ብቻ አይደለም። ጉዞሽን የምታዘጋጂበት መንገድ እዚህ ውስጥ ስላለ ነው። ከቤትሽ እስከ እህትሽ በር ድረስ ሦስተኛ እጅ የሚያስፈልግበት ቦታ እንዳይኖር አድርገሽ አሰናጂው። አንዱ እጅሽ የልጅሽ ይሁን። የቀረውን ሁሉ በሌላው እጅሽ ልክ አድርጊው።

ለዚህ ነው ከሁሉ በፊት ስለ ሻንጣ የማነሳብሽ። ጎማ ያለው አንድ ሻንጣ፣ በጀርባ የሚታዘል አንድ ቦርሳ፣ በቃ። ፌስታል የለም፣ «ይቺን ደግሞ በእጄ እይዛታለሁ» የለም። ለሚወለደው ሕፃን የገዛሽው ነገር ካለ ቀደም ብለሽ በፖስታ ላኪው። ትኬቱ፣ መታወቂያሽ፣ ገንዘብሽና ስልክሽ በደረትሽ ላይ በምታንጠለጥያት ትንሽ ቦርሳ ይግቡ። ከዚያ እቤት ሞክሪው። ሻንጣውን ሙዪ፣ ልጅሽን በአንድ እጅሽ ያዢ፣ ደረጃ ውጪና ውረጂ። የብዙ ባቡሮች በር ላይ ደረጃ አለ። በባቡሩና በመሳፈሪያው መካከልም ክፍተት አለ። ሻንጣውን በአንድ እጅሽ ደረጃ ማስወጣት ካቃተሽ ከብዷል ማለት ነው፤ ቀንሺለት። እህትሽ ጋ ልብስ ማጠብ ይቻላል።

ቀጥሎ ከባለቤትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ ትኬቱን አንብቡት። ጣቢያው ውስጥ የምታነቢው የመጀመሪያ ጊዜ መሆን የለበትም። ትኬት ላይ ብዙ ቁጥር አለ፤ አዲስ ሰው የሚምታታበትም እዚህ ነው። አንዱ የባቡሩ ቁጥር ነው። አንዱ የፉርጎው ነው። አንዱ የወንበሩ ወይም የአልጋው ነው። ሦስቱን በትልልቁ ወረቀት ላይ ገልብጪና ኪስሽ ክተቺ። የስልክ ባትሪ ያልቃል፤ ወረቀት አያልቅም። ትኬቱ ስልክሽ ላይ ከሆነ ደግሞ ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈትልሽ ፎቶ አንሺው።

የባቡሩን ቁጥር በደንብ ያዢ የምልሽ ምክንያት አለኝ። ሰሌዳው ላይ የሚጻፈው የከተማ ስም ብዙ ጊዜ ባቡሩ መጨረሻ የሚደርስበት ነው። አንቺ የምትወርጂበት ላይሆን ይችላል። ብዙ ሰው የራሱን ከተማ ስም ሲፈልግ ያጣና ይደነግጣል፤ ባቡሩ ግን ፊት ለፊቱ ቆሟል። ስለዚህ የባቡሩን ቁጥርና የመነሻውን ሰዓት ፈልጊ። የባቡሩ መጨረሻ የት እንደሆነም ከወዲሁ ጠይቂና ከቁጥሮቹ ጎን ጻፊው።

ሰዓቱንም ልብ በይ። 21:35 ማለት ከምሽቱ 3:35 ነው። የመመለሻ ትኬትሽ ላይ ከእኩለ ሌሊት ጥቂት ያለፈ ሰዓት ካለ ቀኑን ሁለቴ እዪው። ለምሳሌ የ15ኛው ቀን 00:20 የሚል ትኬት ያላት ሰው ጣቢያ መገኘት ያለባት በ14ኛው ቀን ማታ ነው። በ15ኛው ማታ ከሄደች ባቡሩ ሄዶ ውሎ ያድራል።

አሁን ደግሞ 38 ደቂቃዋን እንያት። ከምንም በፊት የመጀመሪያው ባቡር የሚያወርድሽ ጣቢያና ሁለተኛው የሚነሳበት ጣቢያ ስማቸው አንድ መሆኑን አረጋግጪ። ትልልቅ ከተሞች ከአንድ በላይ ጣቢያ አላቸው። ፓሪስን ብትወስጂ ወደ ሰሜን የሚሄዱት ባቡሮች «ጋር ዱ ኖር» ከሚባለው ጣቢያ ይነሳሉ፤ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚሄዱት ደግሞ «ጋር ደ ሊዮን» ከሚባለው። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ ከተማውን ማቋረጥ ያስፈልጋል። ያንቺ ሁለት ትኬቶች አንድ ጣቢያ የሚሉ ከሆነና ባቡሩ በሰዓቱ ከገባ፣ 38 ደቂቃ ልጅ ይዞም ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ባይበቃስ? ይህን ጥያቄ ዛሬውኑ መልሺው። ያ ባቡር ቢያመልጥ ቀጣዩ ስንት ሰዓት ነው? ፈልጊና ወረቀትሽ ላይ አስፍሪው። ለእህትሽም ንገሪያት። ያን ጊዜ ማምለጡ ጥፋት መሆኑ ይቀርና ጥቂት ሰዓት መጠበቅ ይሆናል። ሁለቱ ጉዞዎች በአንድ ትኬት የተያያዙ መሆናቸውንም ጠይቂ። በአንድ ላይ የተቆረጡ ከሆነና የዘገየው የመጀመሪያው ባቡር ከሆነ፣ በብዙ አገሮች ድርጅቱ በሚቀጥለው ባቡር ይወስድሻል። ስለዚህ ባቡር ቢያመልጥሽ ሮጠሽ አዲስ ትኬት አትግዢ። መጀመሪያ ትኬት ቢሮው ሄደሽ የያዝሽውን አሳዪያቸው። ባቡሩ እየዘገየ መሆኑን መንገድ ላይ ካወቅሽ ደግሞ ሳትወርጂ ለትኬት ተቆጣጣሪው ንገሪው። ቀጣዩ ባቡር ከየትኛው መስመር እንደሚነሳ ብዙ ጊዜ እሱ ያውቃል፣ ወይም ጠይቆ ይነግርሻል።

እዚህ ድረስ ያወራነው ሁሉ ጠረጴዛ ላይ የሚያልቅ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ግን እግርሽን ይፈልጋል። በዚህ ሳምንት አንድ ቀን ወደዚያ ጣቢያ ሂጂ። ያለ ሻንጣ፣ ልጅሽን ይዘሽ፣ ባለቤትሽም ከተመቸው አብሯችሁ። ቢቻል መነሻሽ በሆነው በማታው ሰዓት ይሁን፤ ጣቢያ ቀን ሌላ ነው፣ ማታ ሌላ። ያለፈው ጊዜ በአምስት ደቂቃ የወጣሽው ምን እንደምትፈልጊ ሳታውቂ ስለገባሽ ይመስለኛል። እንዲህ ሲሆን ሁሉም ነገር አንድ ላይ ይመጣብሻል። አሁን አራት ነገር ብቻ ፈልጊ። የምትገቢበትን በር፣ ትልቁን ሰሌዳ፣ መጸዳጃ ቤቱን፣ የመረጃ መስኮቱን። ሌላውን ተዪው። ቶኪዮ ያለው የሺንጁኩ ጣቢያ ከ200 በላይ መውጫ አለው። በየቀኑ የሚመላለስበት ሰው ሁሉንም አውቆ አይደለም የሚያልፈው። የራሱን መንገድ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ከዚያ አንድ ነገር አድርጊልኝ። አዳራሹ መሃል ቁጢጥ በይና በልጅሽ ቁመት ዙሪያሽን እዪ። የሰው ጉልበትና ሻንጣ ብቻ ነው የማስታውሰው አላልሽኝም? ልጅሽም የምታየው እሱን ነው። ስለዚህ ከዚያ ቁመት ላይ ሆኖ ከጉልበቱ በላይ የሚታይ ነገር አብራችሁ ምረጡ። ትልቅ ሰዓት፣ ሐውልት፣ ደማቅ ምልክት። ኒውዮርክ ግራንድ ሴንትራል ጣቢያ ውስጥ ከመረጃ መስኮቱ በላይ አራት ፊት ያለው ሰዓት አለ። ሰው «ሰዓቱ ጋ እንገናኝ» ሲባባል ኖሯል። ቶኪዮ ሺቡያ ጣቢያ ደግሞ ሃቺኮ የሚባል ውሻ ሐውልት አለ፤ ሰው የሚቀጣጠረው እዚያ ነው። የእናንተን ደግሞ ልጅሽ ራሷ ትምረጥ። የመረጠችውን ነገር አትረሳውም።

ስለ መለያየት ከልጅሽ ጋር ማውራት ያስፈራሽ ይሆናል። እንዳላስደነግጣት ብለሽ ዝም እንዳትዪ። ያኔ አንቺን ያስጨነቀሽ ምን ማድረግ እንዳለብሽ አለማወቅሽ ጭምር ይመስለኛል። እሷ ታውቅ። እንደ ጨዋታ አድርገሽ ንገሪያት። «እማዬን ካላየሽ ቁሚ። አትሩጪ፣ አትፈልጊኝ። እኔ ነኝ የምፈልግሽ። ከቆየሁብሽ የጣቢያውን የደንብ ልብስ ለለበሰ ሰው፣ ካልሆነም ልጅ ለያዘች እናት ንገሪ።» ሙሉ ስምሽን ታውቃለች? ብዙ ልጆች የእናታቸውን ስም ሲጠየቁ «እማዬ» ነው የሚሉት። ስምሽንና ስልክ ቁጥርሽን በቃሏ ታጥና። ቁጥሩን በወረቀት ጽፈሽም ኪሷ ውስጥ አድርጊላት። በጉዞው ቀን ከቤት ከመውጣታችሁ በፊት በለበሰችው ልብስ ፎቶ አንሻት። ሰው ሲደነግጥ ልጁ ምን እንደለበሰች እንኳ ይጠፋዋል፤ ፎቶው ያን ያህል ጊዜ ያድንልሻል።

ባቡሩ በር ላይ ብትለያዩስ? ለዚህም መልስ ይኑራችሁ። እሷ ገብታ አንቺ ውጪ ከቀረሽ፣ ወንበር ላይ ትቀመጥና ለተቆጣጣሪው ትናገር። አንቺ ገብተሽ እሷ ውጪ ከቀረች፣ ከጠርዙ ርቃ ባለችበት ትቁም። አንቺ ወዲያው በሩ አጠገብ ባለው የአደጋ ጊዜ መጥሪያ ሠራተኞቹን ጥሪ። የተሠራው ለእንዲህ ዓይነት ነገር ስለሆነ አትፍሪ። ይህ የመሆን ዕድሉ ትንሽ ነው። ቢሆንም ሌሊት የሚያባንንሽ ይህ ስለሆነ መልሱን ይዘሽ ተኚ ብዬ ነው።

በጉዞው ቀን ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድማችሁ ድረሱ። የቦርሳ ፍተሻ ወይም የመታወቂያ ቁጥጥር ካለ ደግሞ ከዚያም ቀደም በሉ፤ ይህንንም ለማየት በሄድሽበት ቀን ጠይቂ። ትልልቅ ጣቢያዎች ላይ የመሳፈሪያው መስመር ቁጥር ብዙ ጊዜ የሚወጣው ዘግይቶ ነው፤ መነሻው አሥር ወይም ሃያ ደቂቃ ሲቀረው። ሰሌዳው ላይ የሌሎቹ ተጽፎ ያንቺ ባዶ ከሆነ የጠፋ ነገር የለም። ቁጥሩ ብቅ ሲል ግን ሰው ሁሉ አንድ ላይ ይነሳል። አንቺ የዚያን ጊዜ አትሩጪ። ወንበርሽ በትኬትሽ ላይ ተጽፏል፤ ማንም ቀድሞ አይወስደውም። የመጀመሪያው ግርግር ይለፍና ልጅሽን ይዘሽ ተከተዪ።

ብዙም ግን አትዘግዪ፤ ትኬት ላይ የተጻፈው ሰዓት ባቡሩ የሚንቀሳቀስበት ነው። በሩ ከዚያ ቀድሞ ይዘጋል። ፈረንሳይ ውስጥ ለምሳሌ መነሻው 2 ደቂቃ ሲቀረው መግባት እንደምትችዪ ዋስትና የለሽም። ሌላም አለ፤ የረጅም ርቀት ባቡር ራሱ ረጅም ነው። አንዳንዱ 400 ሜትር ይደርሳል። በልጅ እርምጃ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰባት ስምንት ደቂቃ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ መስመሩ ላይ ስትደርሺ የመጀመሪያ ጥያቄሽ «የእኔ ፉርጎ በየት በኩል ነው?» ይሁን። አንዳንድ ጣቢያዎች መሳፈሪያው ላይ ፊደል ሰቅለው የትኛው ፉርጎ የት ጋ እንደሚቆም በስክሪን ያሳያሉ። እዚያ ፊደል ስር ሄዳችሁ ብትቆሙ ባቡሩ ራሱ ይመጣላችኋል።

ጊዜ ካጠረ በቀረበሽ በር ግቢና ውስጥ ለውስጥ ሂጂ ይባላል። ምክሩ ጥሩ ነው፤ ሁልጊዜ ግን አይሠራም። በአንዳንድ መስመሮች ሁለት ባቡሮች ተያይዘው ይነሱና መንገድ ላይ ይለያያሉ። ግማሹ ወደ አንድ ከተማ፣ ግማሹ ወደ ሌላ። በመካከላቸው መተላለፊያ ላይኖር ይችላል። እኔ አንድ ጊዜ ትክክለኛው ባቡር፣ ግን የተሳሳተው ግማሽ ላይ ተቀምጬ ነበር። ተቆጣጣሪው ትኬቴን ሲያይ ነገረኝና በሚቀጥለው ጣቢያ ወርጄ ወደ ፊተኛው ተሻገርኩ። ልቤ ግን ለሰዓታት ቦታው አልተመለሰም። አንቺ ከመግባትሽ በፊት ትኬትሽን ለሠራተኛ አሳይተሽ «ይህ ፉርጎ እዚህ ከተማ ይሄዳል?» በይ። መልሱ አዎ ወይም አይደለም ነው። ቋንቋ ቢያስቸግርሽም እንኳ ትኬቱን በጣትሽ ማሳየት ይበቃል።

መሳፈሪያው ጠርዝ አካባቢ የተሰመረ ምልክት ወይም ጎርባጣ ንጣፍ አለ። ጎርባጣው ለዓይነ ስውራን የተሠራ ነው፤ ለልጅሽም ድንበር ይሁናት። ባቡሩ እስኪቆም ድረስ ከእሱ ወዲህ ቁሙ። ሳይቆም በፍጥነት የሚያልፍ ባቡር ነፋሱ ብቻ ትንሽ ልጅ ሊያንገዳግድ ይችላል። አሻንጉሊቷ ወይም ስልክሽ ሐዲዱ ላይ ቢወድቅ ማንም እንዳይወርድ። ሠራተኛ ይጠራል፤ ዕቃ ይተካል።

ስትሳፈሩ ሌሎቹ ይግቡ፣ እናንተ ተከተሉ። ሻንጣው ካስቸገረሽ አጠገብሽ ያለውን ሰው «እባክህ አግዘኝ» በይው። ሰው ሻንጣ ያግዝ። የልጅሽን እጅ ግን ለማንም አታስይዢ። ሳትጠይቂው መጥቶ ሻንጣሽን ከእጅሽ የሚቀበል ሰው ካለ በትሕትና አመስግነሽ እምቢ በይ።

ስለ ሌሊቱ ብዙ አልልሽም፤ አንዴ ከተቀመጥሽ ባቡር ከሁሉም ጉዞ ይልቅ ዕረፍት የሚሰጥ ነው። ወንበርሽ ላይ ሰው ተቀምጦ ብታገኚ ትኬትሽን አሳዪው፤ አብዛኛውን ጊዜ ተሳስቶ ነው። መጸዳጃ ስትሄጂ ልጅሽንና የደረትሽን ቦርሳ ይዘሽ ሂጂ። ባቡሩ መንገድ ላይ ሲቆም ውኃ ልግዛ ብለሽ አትውረጂ፤ ሁለት ደቂቃ ብቻ የሚቆምበት ፌርማታ ብዙ ነው። የሚያስፈልጋችሁን ቀድመሽ ያዢ። ከመድረሻችሁ ግማሽ ሰዓት በፊት የሚያነቃሽ የስልክ ደወል ሙዪ፤ የት እንደምትወርጂም ለተቆጣጣሪው ንገሪው።

መሃል አዳራሽ ውስጥ ልብሽ በድንገት ቢመታና እጅሽ ቢንቀጠቀጥስ? ግድግዳ ፈልጊ። ጀርባሽን አስደግፊ፣ ልጅሽን ጭንሽ ላይ አስቀምጪ። ትንፋሽሽን ከምትስቢው በላይ ረዘም አድርገሽ አውጪ፤ ደጋግሚው። ሰሌዳውን ለጊዜው አትዪው። ቀድመሽ የመጣሽው ለዚህም ጭምር ነው፤ አሥር ደቂቃ መቀመጥ ትችያለሽ። መባነኑ ከጉዞው በኋላም ካልተወሽ ግን የሥነ ልቦና ባለሙያ አነጋግሪ። ከልጅነት የመጣ ድንጋጤ በንግግር የሚቀልበት መንገድ አለ።

አሁን ወደ ባለቤትሽ ልምጣ። ብቻሽን ከመሄድና እሱ እስከ መጨረሻው ከሚያደርስሽ ሌላ መካከለኛ መንገድም አለ። እሱ እስከ ባቡሩ በር ድረስ ይሸኛችሁ። ሻንጣውን እሱ ይግፋ፣ አንቺ ልጅሽን ያዢ። በአንዳንድ ጣቢያዎች ትኬት የሌለው ሰው መሳፈሪያው ድረስ አይገባም፤ በአንዳንዶቹ ለሸኚ የሚሸጥ ርካሽ ትኬት አለ። ለማየት ስትሄዱ ጠይቁ። ስንብታችሁ ግን ከበሩ ውጪ ይሁን፤ ሻንጣ ላስቀምጥ ብሎ ገብቶ ባቡሩ ይዞት የሄደ ሸኚ ብዙ ነው። መጨረሻው ጣቢያ ላይ ደግሞ የእህትሽ ባል ወይም ጓደኛዋ ይቀበላችሁ። ባዶ የሚቀረው መሃሉ፣ ባቡር የምትቀይሩበት ነው። ለዚያ የባቡር ድርጅቱን አነጋግሪ። ብዙዎቹ እርዳታ ለሚያስፈልገው መንገደኛ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው የሚያደርስ ሠራተኛ ይመድባሉ፤ ቀድሞ ማስመዝገብ ግን ያስፈልጋል። ትንሽ ልጅ ይዤ ነው፣ ጣቢያውን አላውቀውም ብለሽ ጠይቂያቸው።

ጣቢያውን አይተሽ ከተመለስሽ በኋላም ልብሽ እምቢ ካለሽ፣ ባለቤትሽ ያድርስሽ። ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም። ፈቃድ የሚወሰደው ለእንዲህ ዓይነት ቀን አይደል? ልቅር የሚለውን ግን ሌሊት ስትባንኚ አትወስኚው። ጣቢያውን ካየሽ በኋላ፣ በቀን፣ ቁጭ ብለሽ ወስኚው። እህትሽ ስትጠራሽ የመጀመሪያ ሐሳብሽ «እመጣለሁ» ነበር።

ከሁሉ በፊት ግን ዛሬ ማታ ልጅሽ ስትተኛ ለባለቤትሽ የመናኸሪያውን ታሪክ ንገሪው። እሱ ያየው መጨነቅሽን ነው፤ ከየት እንደመጣ አያውቅም። ለእኔ የጻፍሽውን ያህል ንገሪው። ጉልበቱን፣ ሻንጣውን፣ ቀና ስትዪ ያጣሻትን እናትሽን። ከዚያ ትኬቱን አውጡና አብራችሁ አንብቡት።